ሀብቴ በእናቶች ክፍል

ዛሬ ጠዋት ሀብቴ ደወለ። ወንድሜ ሲደውል መጀመሪያ የእማየን ጉልበት፣ ቀጥሎ የላሟን ደኅንነት ይጠይቃል፤ ዛሬ ግን ሰላም እንኳ አላለኝም። «አየሁት!» አለ። «ምኑን?» ስለው፣ «ልቡን ነዋ! ልቡ ድም ድም ድም ሲል አየሁት። እጁን አፉ ውስጥ ከቶታል፤ ገና ሳይወለድ ርቦታል። አንቺ ልጅ፣ አክስት ልትሆኚ ነው እኮ!» ስጮህ ጊዜ እማየ መርዶ መስሏት ነጠላዋን ሳትደርብ ሮጣ ወጣች። ነገሩን ስትሰማ እልልታዋን ለቀቀችው፤ የጎረቤት ሴቶችም ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ ተቀበሏት። የሀብቴ ሚስት ሰላም ማርገዟን ቀድሞም እናውቃለን፤ ግን ማወቅ ሌላ፣ «ልቡን አየሁት» የሚል ሰው መስማት ሌላ። «ለመሆኑ አንተ የት ሆነህ አየኸው?» አልኩት። «አብሬያት ገብቼ ነዋ! እናቶች ክፍል ነኝ። ሰላም የተኛችው በመስኮቱ ሥር ባለችው አልጋ ላይ ነው። ትዝ ትልሻለች?»

ትዝ ትለኛለች ወይ? እንዴት አትለኝ! ስልኩን ከዘጋሁ ጀምሮ ሌላ ነገር ማሰብ አቅቶኛል። የፊዚክስ የቤት ሥራዬን ወደ ጎን ገፋ አድርጌ ይህን ልጽፍ ተቀመጥኩ። ደስታ ሲበዛ ወይ ይጨፈራል ወይ ይጻፋል፤ ጭፈራውን ከእማየ ጋር ጨርሰነዋል።

ሽማግሌዎች «በእኛ ጊዜ» ሲሉ ያምርባቸዋል፤ እኔ በአሥራ ሰባት ዓመቴ «ድሮ» ስል ግን ይስቁብኛል። ይሳቁ! እኛ የላስታ ልጆች የራሳችን ድሮ አለን። መብራት ሄዶ የቀረበት፣ ስልክ ድምፁ የጠፋበት፣ ባንክ በሩን የዘጋበት ያ የጦርነት ጊዜ ለእኛ ድሮ ነው። ማን ምን እንዳደረገ ትልልቆቹ ይጻፉት፤ እኔ የማስታውሰው ሻማውን ነው። ሻማ ከመወደዱ የተነሳ ሰው ለቤተ ክርስቲያን የተሳለውን ጧፍ በስስት ያየው ጀመር። ሳሙና ሲጠፋ ሴቶቹ የረሱትን እንዶድ ፍለጋ ገደል ለገደል ወረዱ፤ የልብሳችን ሽታ ሁሉ አንድ ሆነ። ጨው በቡና ሲኒ እየተሰፈረ ይሸጥ ነበር፤ ቅዳሜ ገበያ ሻጯ የሲኒውን አፍ በጣቷ ጠረግ ስታደርግ ገዢዋ «ጣትሽን አንሺው እንጂ፣ ጣትሽንም ትሸጭልኛለሽ?» ብላ ትጮኽባታለች። ቱሪስት ሲቀር አስጎብኚዎቹ ሞፈር ጨበጡ፤ ፈረንጅ ያወረሳቸውን ባለ ብዙ ኪስ ጃኬትና ሰፊ ባርኔጣ አድርገው በሬ ሲጠምዱ ማየት ያስቅም፣ ያሳዝንም ነበር። ከአደባባዩ በታች፣ ቁልቁለቱ ሲታጠፍ፣ አንድ ሰውዬ ጣሪያው ላይ ሶላር ዘርግቶ የሰው ስልክ ቻርጅ ያደርጋል። ኔትወርክ ለሌለው ስልክ ቻርጅ ምን ይሠራል አትበሉኝ፤ ዘፈን አለበት! ግን የሁሉም ሚሞሪ ከአንድ ቦታ የተገለበጠ ስለነበር ከተማው በሙሉ የሚያዳምጠው እነዚያኑ ዘፈኖች ነው፤ አንዱ ቤት የጀመረውን ማዶ ያለው ቤት ይጨርሰዋል። አሁን መብራቱ ተመልሶ፣ የፈለግሁትን ዘፈን እየከፈትኩ፣ በዚያ ጥግ ሳልፍ ጆሮዬ ቆሞ ይቀራል። ሰውዬው ዛሬ ጫማ ነው የሚሸጥበት።

እኛ የምንኖረው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን በላይ ነው። አባየ መሪጌታ ናቸው። ሀብቴ ያኔ ጢሙ ገና ማቀምቀም የጀመረ ዲያቆን ነበር፤ ቁመቱ ብቻ ቀድሞት የሄደ። በዚያ ዓመት ሰሙነ ሕማማት ላይ የሰገደውን ስግደት ሰው ዛሬም ያወራዋል። ሌላው ወገቡን ይዞ ሲያርፍ እሱ ይወድቃል ይነሳል፣ ይወድቃል ይነሳል። ስቅለት ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ቀኝ እግሩን ይጎትት ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ሌላ አገር ቢሆን ሰው ይደነግጣል። እኛ ዘንድ ግን ከስግደት የተረፈ ሕመም ሕመም አይባልም፤ በረከት ነው። እንዲያውም በፋሲካ ማግስት ቀጥ ብሎ የሚራመድ ሰው «አንተ የት ሰንብተህ ነው?» ይባላል። ጓደኞቹ «ሰጋጁ! ምርኩዝ እንቁረጥልህ?» እያሉ ቀለዱበት። አባየ እንኳን፣ ሰው ማሞገስ የማይወዱት አባየ፣ «እግርህ ይመስክርልህ» አሉት። ከዚህ ወዲያ ሀብቴ አመመኝ ሊል ነው? ምስክሩን ሊያስተባብል?

የሌሎቹ እግር ተፈታ፤ የእሱ ባሰበት። እማየ የጠረጠረችው በዶሮው ነው። ያን ሁሉ ጾም ጾሞ የፋሲካን ወጥ አንድ ጉርሻ ቀምሶ ትሪውን ገፋው። ከዚያ ትኩሳቱ መጣ፤ ቀን በፀሐይ ጋቢ ደርቦ ይንቀጠቀጣል፣ ጋቢውን ስናነሳለት ላብ በላብ ሆኗል። ቀኝ ጉልበቱን አጥፎ ነው የሚተኛው፤ ሊዘረጋው ሲሞክር ፊቱ ይለወጣል። ወጌሻችን አያ ሞላ ተጠርቶ መጣና ዳበሰው። «ሥር ዞሮበት ነው። ሲወድቅ ሲነሳ ዞረ፤ እኔ እመልሰዋለሁ» አለና በቅቤ አሸው። ሀብቴ ጮኸ። ጥርሱን በጉጠት ሲነቅሉት እንኳ ያልጮኸ ልጅ! አያ ሞላ በማግስቱም መጣ፤ «ትናንት ግማሽ መንገድ መልሸዋለሁ፤ ዛሬ ይገባል» እያለ እጅጌውን ሲሰበስብ እማየ በመሐል ገብታ ቆመች። እጇን የሀብቴ ታፋ ላይ አሳርፋ ነበር።

«አያ ሞላ፣ እጅህን አንሳ።»

«ምነው እቴ? እኔ ስንቱን አቅንቻለሁ…»

«ለሌላው ይሁንልህ። ይሄ የሰው ሥጋ አይደለም፣ እንጨት ሆኗል። ቆዳው ግን ደህና ነው። ውስጥ ምን እንዳለ አንተም አታውቅ፣ እኔም አላውቅ።» ከዚያ ወደ አባየ ዞረች፤ እማየ ባሏን አንቱ ነው የምትለው። «መሪጌታ፣ ቅሬውን ይጥሩልኝ።»

ቅሬ በእኛ አገር የቀብር ማኅበር ነው፤ ቃሬዛው ያለው እነሱ ዘንድ ነው። ያንኑ ሬሳ የሚወጣበትን ቃሬዛ ለሕመምተኛም ይጠቀሙበታል። ቤንዚን ከጠፋ መኪና የሚባል ስለሌለ ሌላ ምርጫ አልነበረም። እማየ ራሷ «ይጥሩልኝ» ብላ ራሷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፤ የቅሬ ሰዎች ቃሬዛ ይዘው በበሯ ሲገቡ ማየት አልቻለችም። ተሸካሚዎቹ ይህን አውቀው ነው መሰለኝ አፋቸው ሥራ አልፈታም። «ዲያቆን፣ እንዴት ትከብዳለህ! ዶሮውን አልበላም አልተባለም እንዴ?» «ስግደቱ ነው የከበደው፤ እሱን አውርደንለት እንሂድ።» ሀብቴ ከንፈሩን ነክሶ ፈገግ ሊል ሞከረ። እኔ የላስቲክ ጫማዬ ጠጠር እየገባበት ከእማየ ጋር ከኋላ እሮጣለሁ። ዳገቱ ላይ ቃሬዛው ዘንበል ባለ ቁጥር የሚያቃስተው አሁንም ይሰማኛል። ከተማው አፋፍ ስንደርስ ግን ማቃሰቱን ተወ፤ ይህ ደግሞ የባሰ ነበር።

ሆስፒታል ያገኘነው ሐኪም ወጣት ነው፤ እንቅልፍ ያጣ ዓይን ነበረው። ሆዱን ጫን ጫን አደረገለት፣ እግሩን ሊዘረጋ ሞከረና ተወው። እኛን ሳይሆን አባየን ብቻ እያየ ተናገረ። «ትርፍ አንጀት ሊሆን ይችላል። የዳሌው መገጣጠሚያ ሊሆን ይችላል። ጡንቻው ውስጥ የተቋጠረ መግልም ሊሆን ይችላል። ሦስቱም እንዲህ እግር ያሳጥፋሉ፣ እንዲህ ያተኩሳሉ። ላቦራቶሪ የለኝ፣ ራጁ መብራት የለው፤ ቢኖረውም አጥንቱን እንጂ ሥጋውን አያሳየኝም። ያለኝ ማደንዘዣ ደግሞ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚበቃ ነው። ሆዱን ከፍቼ ደህና ሆኖ ባገኘው፣ ታፋውን በምን እከፍታለሁ?»

«ካልተከፈተስ፣ ልጄ?» አሉ አባየ።

«መግል ከሆነ ወደ ደሙ ይገባል፣ አባቴ። ጀምሮም ሊሆን ይችላል፤ የደም ግፊቱ እየወረደ ነው። ማየት አለብኝ። ዛሬ፣ አሁን።»

ለማየት የሚያገለግል አንድ ነገር ተርፎ ነበር፤ የአዋላጇ የሲስተር ታንጉት አልትራሳውንድ። በተማሪ ቦርሳ የምትገባ ትንሽ መሣሪያ ናት። በዚያ ግርግር ሌላው ሁሉ ሲጠፋ ሲስተር ቤቷ ወስዳ የጤፍ ጎታ ውስጥ ቀብራ አተረፈቻት፤ ኋላ «ከጤፌ ጋር ጸንሳ ከረመች» እያለች ትስቅ ነበር። ባትሪዋ ግን ሞቷል። የምትሠራው ከሶላሩ ጋር ተያይዛ ብቻ ነው፤ የሶላሩ ገመድ ደግሞ የሚገባው በእናቶች ክፍል መስኮት ነው፤ ከዚያ አይወጣም፣ አይረዝም። ስለዚህ ሀብቴ እናቶች ክፍል ይግባ ተባለ።

ይህን ሲሰማ፣ ከደቂቃዎች በፊት ዓይኑን መግለጥ ያቃተው ልጅ፣ በክንዱ ተደግፎ ቀና አለ። «አራስ አለችበት?» አለ። ነበረች፤ ጎሕ ሲቀድ የወለደች። እንደ እኛ ቤት ልማድ አራስ ቤት የገባ አገልጋይ ሰንብቶ፣ ጠበል ተረጭቶ ነው እንጂ መቅደስ አይገባም። የግንቦት ልደታ ደርሷል፤ የቅዳሴው ተራ ደግሞ የሀብቴ ነው፤ አባየም ማኅሌቱን የሚመሩት ያን ዕለት ነው። «አልገባም» አለ ሀብቴ። «እዚሁ ቅደዱኝ።»

ሲስተር ታንጉት በሩ ላይ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማለች። አጭር ናት፤ ድምጿ ግን አይደለም። «አንተ ነህ የምትቀድሰው? እስቲ መጀመሪያ ቁም! ቆመህ አሳየኝና እኔ ራሴ መጎናጸፊያህን አጥቤ እሰጥሃለሁ።» ከዚያ ወደ አባየ፣ «መሪጌታ፣ ደመና እየመጣ ነው። ፀሐይዋ ከተሸፈነች መሣሪያዬ ትሞታለች። ይንገሩት እንጂ!»

አባየ መቋሚያቸውን ጨብጠው መሬት መሬት ያያሉ። እኔ ሰማዩን አያለሁ፤ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ በኩል ጥቁር ደመና እየተንከባለለ ይመጣል። ቃሬዛውን ይዘው የቆሙት ሰዎች ትከሻ ይቀያይራሉ። ማንም መሪጌታን ይግቡ ሊላቸው አይደፍርም፤ ማንም አይግቡ ሊላቸውም አይደፍርም። በሕይወቴ እንደዚያች ቅጽበት የረዘመ ነገር አላውቅም። ያኔ ከውስጥ ደከም ያለ የሴት ድምፅ መጣ። «ሲስተር፣ እኔን ከሆነ የፈሩት፣ እኔ ልውጣላቸው። ፀሐይ ላይ እቀመጣለሁ፤ ልጁን ብቻ ያዥልኝ።» አልጋው ሲጢጥ ሲል ሰማን። አራሷ እግሯን ወደ መሬት እያወረደች ነበር።

«ተይ! ተይ ልጄ፣ እንዳትወርጂ!» አሉ አባየ። በማኅሌት ካልሆነ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አያውቁም፤ ያን ጊዜ ግን ግቢው ሁሉ ሰማቸው። መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። ጎንበስ አሉና የጫማቸውን ማሰሪያ ፈቱ፤ ልክ ቤተ ክርስቲያን እንደሚገባ ሰው ጫማቸውን ደጃፉ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጡ። «እግዚአብሔር ይማርሽ። እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያሉ በባዶ እግራቸው ገቡ። ከዚያ ወደ ሀብቴ ዞረው «ና። እኔ ገብቻለሁ፤ አንተ ከእኔ አትበልጥም» አሉት።

ሀብቴ ቃሬዛው ላይ ተመልሶ ተጋደመ። ገባ።

እኔም ተከትዬ ገባሁ። በመስኮቱ ሥር ባለችው አልጋ አስተኙት፤ ክፍሉ ውስጥ ተራ የሚጠብቁ እርጉዞችም ነበሩ። አንዷ ሆዷን ይዛ «ውይ፣ ዲያቆን! ስንት ወርህ ነው?» ስትለው ሌሎቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ሲስተር ታንጉት ግን አልሳቀችም። ያንን የሚያንሸራትት ፈሳሽ ሆዱ ላይ አፈሰሰችና መሣሪያውን ጫን አደረገች። ስክሪኑ ላይ ግራጫ ነገር ይተረማመሳል፤ ዝናብ ያለበት ቴሌቪዥን ይመስላል። ሐኪሙ በትከሻዋ በኩል ያያል። «ትርፍ አንጀቱ አካባቢ… ንጹሕ ነው።» ወደ ዳሌው ወረደች። «መገጣጠሚያው ውስጥ ውኃ የለም።» ክፍሉ ደብዘዝ አለ፤ ስክሪኑ ጥግ ላይ ቀይ ምልክት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። «ፍጠኚ» አለ ሐኪሙ። «ታዲያ ምን እያደረግሁ ነው?» አለችው። ወደ ታፋው ውስጠኛ ክፍል አወረደችው። ሀብቴ የአባየን እጅ ያዘ። በግራጫው መሐል አንድ ጥቁር ነገር ታየ፤ እንቁላል የሚመስል፣ ግን ከእንቁላል በጣም የሚበልጥ፣ ጥልቅ ሆኖ አጥንቱ አጠገብ የተኛ። ሲስተር ጫን ስታደርገው ጥቁሩ ውስጥ ደቃቅ ነጠብጣቦች እንደተበጠበጠ ጠላ አተላ ዞሩ። «ይኸውልህ» አለች በለሆሳስ። «መግል ነው። የሚንቀሳቀስ መግል።» ሐኪሙ ከደረት ኪሱ እስክሪብቶ አውጥቶ ቆዳው ላይ መስቀለኛ ምልክት አደረገ፤ ጥልቀቱን አነበበ፤ ደግሞ ለካ። እጁን ከቆዳው ሳያነሳ ስክሪኑ ጠፋ። ውጭ ዝናቡ ጣሪያውን መደብደብ ጀመረ።

ቀሪውን፣ ታፋው ተከፍቶ እስኪያልቅ፣ እማየና እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆመን ነው ያሳለፍነው። እማየ «እመቤቴ፣ አንቺ አማልጅኝ» እያለች ትደጋግማለች። ሐኪሙ ሲወጣ ጓንቱን ገና አላወለቀም ነበር። «ምልክቱ ላይ ነበር» አለ። «ልክ ምልክቱ ላይ! አንድ ሳህን ሙሉ ወጣ።» እማየ እግሩ ላይ ልትወድቅ ስትል በክርኑ ያዛት። ከዚያ በኋላ ሀብቴ ብዙ መርፌ ተወጋ፣ ብዙ ሰነበተ፤ ግን ሾርባ ስጡኝ ያለ ዕለት ሁላችንም መዳኑን አወቅን። የበሽታውን ስም ሐኪሙ ነግሮናል፤ ፓዮማዮሳይተስ ይባላል። አባየ ለመጥራት ሞክረው «ግእዝ ይቀላል» አሉ። ከዚያ በልባቸው የከረመውን ጠየቁ። «ስግደቱ ነው ያመጣበት?»

«ስግደት መግል አይሠራም፣ አባቴ» አለ ሐኪሙ። «ጡንቻው በደከመበት ጊዜ በደም ውስጥ ያለፈ ባክቴሪያ እዚያው ገብቶ አረፈ። በሞቃት አገር ይበዛል፤ ደጋ ስለሆንን ግን አይምረንም። ማሸቱ አልጠቀመውም። ዝም ማለቱ ደግሞ ይበልጥ ጎድቶታል።» አባየ ብዙ ጊዜ አንገታቸውን ነቀነቁ።

ልደታ ዕለት ማኅሌቱን ሌላ ሰው መራ። አባየ ከቅጥሩ ውጭ ካለው ድንጋይ አጠገብ ቆመው አስቀደሱ፤ በእሳቸው ዕድሜና ማዕረግ ላለ ሰው ቀላል ነገር አይደለም። ሰው እያየ ያልፋል፣ ያንሾካሹካል። አንድ ቄስ መጥተው «መሪጌታ፣ ምነው ከውጭ?» ሲሏቸው እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። የሚያፍሩ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ። «አራስ ቤት ገብቼ ነው» አሉ፤ ጮክ ብለው፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ምን ሊያደርጉ ገቡ?» ሲሏቸው፣ «ልጄ እዚያ ነበራ!» አሉ፤ ወደ ጸሎታቸውም ተመለሱ።

ዛሬ ሀብቴ ደስታውን ጨርሶ ስልኩን ሊዘጋ ሲል ሲስተር ታንጉት ቀማችው። ድምጿ አልተለወጠም። «አንቺ ልጅ፣ መጻፍ ጀምራለች አሉኝ። እንግዲያው አንድ ነገር ጻፊልኝ። ሚስቱን ያመጣ ወንድ ሁሉ ዛሬም ከአጥሩ ሥር ተደርድሮ ፀሐይ ይሞቃል፤ እኔ አንድ በአንድ መጥራት ሰለቸኝ። ግቡ ብላለች በያቸው።» እሺ ብያታለሁ። ስለዚህ ባሎች፣ አባቶች፣ ወንድሞች፣ ጥምጥም የጠመጠማችሁም ብትሆኑ፣ ሲስተር ጠርታችኋለች። አልጋዋ አጠገብ ወንበር አለ፤ ከወንበሩ ላይ ስክሪኑ ጥርት ብሎ ይታያል። አብራችሁ ግቡ።